«ቱፓክ፦ ሪሰረክሽን»፦ የሚታመነው እስከ ምን ድረስ ነው?

ስለ አሜሪካዊው ራፐር ቱፓክ ሻኩር የተሠሩ ዶክመንተሪዎች ብዙ ናቸው። «አንዱን ብቻ ልይ፤ የትኛውን?» ለሚል ሰው የቆዩ አድናቂዎች ቶሎ የሚጠሩለት «ቱፓክ፦ ሪሰረክሽን»ን ነው። ሎረን ላዚን ዳይሬክት ያደረገችው፣ ኤምቲቪ ያለበት፣ እናቱ አፌኒ ሻኩርም በዋና ፕሮዲውሰርነት የተሳተፈችበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ ለኦስካር ታጭቷል፤ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ያንሳል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእኛም ምርጫ እሱ ነው። ግን እንዴት እንደተሠራ ሳያውቅ ያየው ሰው ብዙ ነገር ተሳስቶ ይወጣል።

ፊልሙ ሌላ ተራኪ የለውም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያወራው ቱፓክ ራሱ ነው፤ ያውም ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎት። ሠሪዎቹ በሕይወት እያለ የሰጣቸውን ቃለ መጠይቆች ሰብስበው፣ ቆራርጠው፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሕይወቱን የሚተርክ እስኪመስል ድረስ ገጣጠሙት። አድናቂ ሁሉ የሚወድለት ይህንን ነው። «እሱ ማለት የፈለገው እኮ…» እያለ የሚተነትን ሦስተኛ ሰው የለም። ሳቁን፣ ሲናደድ ቃላቱ የሚደራረቡበትን ፍጥነት፣ ስለ እናቱ ሲያወራ ድምፁ የሚለዝብበትን ቦታ በቀጥታ ከእሱ ትሰማላችሁ። ይህን ያህል ባለቤቱን ያስቀደመ የራፕ ዶክመንተሪ ማግኘት ከባድ ነው።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ድምፁና ምስሉ ሁልጊዜ የአንድ ጊዜ አይደሉም፤ ድምፁ መቼ እንደተቀዳም ፊልሙ በአብዛኛው አይነግራችሁም። ከእስር ቤት በኋላ የተናገረው ነገር በልጅነት ፎቶው ላይ ሊመጣ ይችላል። ሌላ ሰው ቢሆን ባላስቸገረ፤ ቱፓክ ግን በስምንት ዓመት ውስጥ የ1988ቱን ልጅና የ1996ቱን ሰው ለማገናኘት እስኪያስቸግር ድረስ ተለውጧል። በ1988 በ17 ዓመቱ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን ካውንቲ ተማሪ ሳለ የሰጠው ቃለ መጠይቅ አለ። ቀጭን፣ ትሁት፣ ዓይኑ የሚያበራ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ስለ አደንዛዥ ዕፅ፣ ስለ ፖሊስ ጭካኔ፣ ስለ አፓርታይድ ማስተማር አለበት እያለ ይከራከራል። ይህን ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙትና በመጨረሻ ከሠራበት የሙዚቃ ኩባንያ፣ ከዴዝ ሮው ዘመኑ ንግግር ጋር አስተያዩት። አንድ ድምፅ ነው፤ የሚናገረው ሰው ግን ሌላ ሆኗል።

ስለዚህ ስታዩ ቢያንስ ምስሉን በዓመት ለዩት። ራሱ ላይ ፀጉር ካለ እስከ 1992 ገደማ ያለው ጊዜ ነው፤ ዲጂታል አንደርግራውንድ ከተባለው የራፕ ቡድን ጋር የጀመረበትና የመጀመሪያ አልበሙ «ቱፓካሊፕስ ናው» የወጣበት። ተላጭቶ አፍንጫው ላይ ጌጥ ካደረገ ከ1993 ወዲህ ነው። የዴዝ ሮው አለቃ ሹግ ናይት ከጎኑ ከቆመ ደግሞ ከኦክቶበር 1995 በኋላ፣ ማለትም 1.4 ሚሊዮን ዶላር ዋስ ተይዞለት ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የነበረው ዕድሜ አንድ ዓመት አይሞላም፤ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1996 ላስ ቬጋስ ውስጥ ተተኮሰበት፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን አረፈ። 25 ዓመቱ ነበር።

ፊልሙ በግልጽ የሚደክምበት ቦታ የ1993ቱ የወሲብ ጥቃት ክስ ነው። ዲሴምበር 1994 ጥፋተኛ ተብሏል፤ በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ተኩል እስር ተፈርዶበታል። ታሪኩን የምንሰማው ግን ከእሱ አፍ ብቻ ነው። ጥያቄ የሚያነሳ ሌላ ሰው ስለሌለ የከሳሿ ቃል ቦታ አላገኘም። ቱፓክን መውደድ ይህን ከማየት ሊከለክለን አይገባም። ፊልሙን ለሌላ ሰው ስታሳዩ እዚህ ጋ አቁማችሁ ፍርዱን ብትነግሩት ይሻላል።

ሁለተኛው ክፍተት እናቱ ናት። አፌኒ ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል ነበረች፤ 21 የፓርቲው አባላት በተከሰሱበት፣ «ፓንተር 21» በተባለው የኒው ዮርክ ክስ እርጉዝ ሆና ፍርድ ቤት ራሷ ለራሷ ተከራክራ በሜይ 1971 ነፃ ወጣች። ቱፓክ የተወለደው በወሩ ነው። ይህንን በደንብ የሚፈታው አለን ሂውዝ የሠራው ባለ አምስት ክፍል «ዲር ማማ» ነው፤ በ2023 በኤፍኤክስ ቴሌቪዥን ቀርቧል። እናትና ልጅን ጎን ለጎን እያስኬደ ይተርካል። የሂውዝ ማንነትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፦ ከመንትያ ወንድሙ ጋር የቱፓክን የመጀመሪያ ክሊፖች የሠራ፣ በኋላም ቱፓክ ደብድቦት የታሰረበት ሰው ነው። ያም ሆኖ ታሪኩን በቂም አልሠራውም። ብዙ ምስክር ስላለው ለእውነቱ የሚቀርበው «ዲር ማማ» ነው፤ ለልብ የሚቀርበው ግን «ሪሰረክሽን» ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቱፓክን ፎቶ በሚኒባስና በፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ እያየ ያደገ ሰው የፓንተሮቹን ታሪክ ሲሰማ ብዙ ግጥሞቹ ይገቡታል።

«ማን ገደለው?» ለሚለው ሁለቱም መልስ አይሆኑም። በግድያው የተከሰሰው ዱዌን ዴቪስ የተያዘው በሴፕቴምበር 2023፣ ከ«ዲር ማማ» በኋላ ነው።

«ሪሰረክሽን»ን ከ2017ቱ «ኦል አይዝ ኦን ሚ» ጋር አታምታቱት፤ እሱ ተዋናይ የሚጫወትበት ድራማ ነው። ከ«ሪሰረክሽን» ጋር የወጣው ሲዲ ላይ ኤሚነም ያቀናበረው፣ ቱፓክንና ባላንጣው የነበረውን ራፐር ቢጊን ያገናኘ «ረኒን» አለ፤ ጥሩ ዘፈን ነው፣ ግን ለቱፓክ ሙዚቃ መግቢያ አይሆንም። ለመግቢያ እሱ እስር ቤት እያለ አንደኛ የወጣውን የ1995ቱን «ሚ አጌንስት ዘ ወርልድ» አልበም አድምጡ።

ስታዩ ኢርፎን አድርጉ፤ የእንግሊዝኛ ሰብታይትልም ክፈቱ። ድምፁ ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ ስለሆነ ጥራቱ እኩል አይደለም፤ እሱም ሲፈጥን ቃል ይውጣል። ስድብ በብዛት አለበት፤ ስለዚህ ከትንንሽ ልጆች ጋር አትዩት። ቅደም ተከተሉን ከጠየቃችሁን፣ መጀመሪያ «ሪሰረክሽን»፣ ቀጥሎ አልበሙ፣ ከዚያ «ዲር ማማ»፣ በየቀኑ አንድ ክፍል ብቻ።