የቤዝቦል ሳቫንት ግምገማ፦ ለዕለታዊ ፋንታሲ ቶርናመንት ተጫዋች ሲመረጥ

ቤዝቦል ሳቫንት በሜጀር ሊግ ቤዝቦል ሥር የሚገኝ፣ ያለ ክፍያ ለማንም ክፍት የሆነ የመረጃ አገልግሎት ነው። ስታትካስት የተባለው የመከታተያ ሥርዓት በ2015 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሠላሳዎቹም የሊጉ ስታዲየሞች ከተተከለ ወዲህ የተወረወረውና የተመታው ኳስ ፍጥነት፣ ማዕዘንና ርቀት ተለክቶ እዚያ ይቀመጣል፤ ከ2020 ጀምሮም ልኬቱ በሆክ አይ ካሜራዎች ይከናወናል። አገልግሎቱ የተዘጋጀው ለተመልካቾችና ለተንታኞች እንጂ ለዕለታዊ ፋንታሲ ተጫዋቾች (እውነተኛ ተጫዋቾችን በአሰላለፍ መርጠው፣ እነዚያ በዚያ ቀን ሜዳ ላይ በሚያሳዩት ውጤት ነጥብ ለሚወዳደሩ ሰዎች) አይደለም። እኔ ግን እዚህ የምመዝነው በእነዚህ በኋለኞቹ ዓይን ነው፤ ይኸውም በአንድ ሌሊት ነጥቡ ጣሪያ ሊነካ የሚችለውን ተጫዋች ከጨዋታው በፊት ለመለየት ምን ያህል ይረዳል በሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ትርጉም የሚኖረው የቶርናመንት ባሕርይ ሲታወስ ነው። ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ ገንዘብ በሚያገኙበት የውድድር ዓይነት የሚፈለገው አስተማማኝ አማካይ ነው፤ በቶርናመንት ግን ሽልማቱ ላይኛዎቹ ጥቂት ደረጃዎች ላይ ስለሚከማች ከአማካዩ ትንሽ መሻል ብዙም አይጠቅምም። የዕለታዊ ፋንታሲ ውድድር የሚያካሂደው የድራፍትኪንግስ ድርጅት የነጥብ አሰጣጥም ይህንኑ ያጠናክራል። መቺውን አንድ ቤዝ (የሩጫ ማረፊያ) የሚያደርሰው ሲንግል 3፣ ሁለት የሚያደርሰው ደብል 5፣ ሦስት የሚያደርሰው ትሪፕል 8፣ ሁሉንም ዞሮ እንዲመለስ የሚያስችለው ሆም ረን 10 ነጥብ ያስገኛሉ፤ ሆም ረን የመታው ተጫዋች በገባው ረን (ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ በመመለስ ለቡድኑ በሚገኘው ነጥብ) እና ባስገባው ረን ሁለት ሁለት ነጥብ ስለሚጨመርለት፣ ቤዞቹ ባዶ ሆነው የተመታ ሆም ረን እንኳ 14 ነጥብ ነው። በዚያ ላይ መቺው ስትራይክአውት በመሆኑ (ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት በመውጣቱ) የሚቀነስበት ነጥብ የለም። ጆይ ጋሎ በ2017 የመምታት አማካዩ .209 ሆኖ 41 ሆም ረን መትቷል፤ ሉዊስ አራዬዝ በ2023 በ.354 አማካይ የናሽናል ሊግን የመቺነት ክብር ሲወስድ ያስመዘገበው 10 ሆም ረን ነበር። ሙሉውን የውድድር ዘመን የሚጫወት ቡድን የትኛውን እንደሚመርጥ ሊከራከር ይችላል፤ በአንድ ምሽት ሺዎችን መብለጥ ላለበት ሰው ግን የጋሎ ዓይነቱ ተጫዋች እንደሚሻል አያከራክርም።

ሳቫንት ለዚህ ምርጫ የሚያቀርበው ዋነኛ ነገር ባረል የሚባለው መለኪያ ነው። ኳሱ ከዱላው ቢያንስ በሰዓት 98 ማይል ፍጥነት ሲነሣና ማዕዘኑ ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ባረል ተብሎ ይመዘገባል፤ ፍጥነቱ በጨመረ መጠን ተቀባይነት ያለው ማዕዘን እየሰፋ ሄዶ 116 ማይል ላይ ከ8 እስከ 50 ዲግሪ ይደርሳል። ፍጥነትን ብቻ ወይም ማዕዘንን ብቻ ከሚያሳዩ ቁጥሮች ይልቅ የሁለቱን መገናኘት የሚቆጥር በመሆኑ ወደ ሆም ረን የሚያደርሰውን ምት ከሌላው ለይቶ ያሳያል። ከፍተኛውን የምት ፍጥነት ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው ግን ኦኒል ክሩዝን ያስብ፦ በኦገስት 2022 በሰዓት 122.4 ማይል የመታው ኳስ እስከዚያ ቀን ስታትካስት ከለካቸው ሁሉ ፈጣኑ ነበር፤ ኳሱ አጥሩን መትቶ ተመለሰና የተገኘው ሲንግል ብቻ ሆነ። በፋንታሲ ሒሳብ ሦስት ነጥብ መሆኑ ነው። ከፍተኛ ፍጥነት ሰውየው ምን ማድረግ እንደሚችል ይነግራል፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያደርገው የሚነግረው ግን የባረል ድግግሞሽ ነው።

እዚህ ላይ አገልግሎቱ ሁለት ምርጫዎችን ያቀርባል። የባረል መጠን ከተመቱት ኳሶች አንጻር ይታያል፤ ከመምቻ ተራዎች ሁሉ አንጻርም ይታያል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የመጀመሪያውን ሲሆን እኔ ግን ለቶርናመንት ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በተደጋጋሚ ኳሱን የሚስት መቺ ሲያገኘው እሳት ቢሆንም በአንድ ጨዋታ የሚያገኘው ተራ አራት ወይም አምስት ብቻ ነው፤ ስትራይክአውት ነጥብ ባያስቀንስም ከእነዚህ ተራዎች አንዱን ይበላል። ሁለተኛው አሐዝ ይህን ኪሳራ ራሱ አስልቶ ያቀርባል።

በአንጻሩ ብዙዎች ሳቫንትን የሚያውቁበት፣ በቀይና በሰማያዊ ክቦች የተሞላው የተጫዋች መለያ ገጽ ለዚህ ዓላማ ደካማው ክፍል ነው። ገጹ ተጫዋቹ በየመለኪያው ከሊጉ መካከል በስንተኛ ደረጃ ላይ እንዳለ ከ1 እስከ 100 ያሳያል፤ ቀዩ ጥሩ፣ ሰማያዊው ደካማ ነው። ለዓይን ያምራል፤ ለማጋራትም ይመቻል። ነገር ግን የመከላከል ብቃትንና የክንድ ጥንካሬን የመሳሰሉ፣ በፋንታሲ ምንም ነጥብ የሌላቸውን ነገሮች ከምት ኃይል እኩል ጎን ለጎን ስለሚደረድር፣ የቀዩን ብዛት አይቶ የሚመርጥ ሰው ጥሩ ተጫዋች ይመርጣል እንጂ ነጥቡ ሊፈነዳ የሚችለውን አይመርጥም። ከዚህም በላይ ደረጃዎቹ የውድድር ዘመኑን ጠቅላላ ድምር የያዙ በመሆናቸው፣ ዛሬ የሚጋጠመው ወርዋሪ ግራኝ ይሁን ቀኝ አይለዩም። ይህንን ለማወቅ ወደ ፍለጋ ገጹ መሄድ ግድ ነው። የፍለጋ ገጹ ምርጫዎች ብዙ በመሆናቸው ለጀማሪ ያስፈራል፤ ሆኖም የወርዋሪውን እጅ፣ የውርወራውን ዓይነትና የቀኑን ክልል ለይቶ አንድ መቺ በግራኞች ፈጣን ኳስ ላይ ስንት ባረል እንዳገኘ ማውጣት የሚቻለው በዚሁ ነው። አገልግሎቱ በሙሉ ዋጋ የሚያወጣው በዚህ ገጽ ነው ብል አላጋነንኩም።

መጠንቀቅ የሚገባው ሌላ ጉዳይ፣ ሳቫንት “ሊሆን ይገባ የነበረውን” ውጤት የሚያሰላባቸው ቁጥሮች ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች በዋናነት በምት ፍጥነትና በመነሻ ማዕዘን ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ ኳሱ ወደ ግራ ይሂድ፣ ወደ መሃል ወይም ወደ ቀኝ ከቁጥር አያስገቡም። ለአብዛኛው ተጫዋች ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለአንዳንዶች ግን ሙሉ ሥዕሉን ያዛባል። አይዛክ ፓሬዴስ የምት ፍጥነቱ ከሊጉ አማካይ በታች ሆኖ ሳለ በ2023 ለታምፓ ቤይ 31 ሆም ረን የመታው ከፍ ያሉ ኳሶችን አጥሩ ወደሚቀርብበት የግራ ጠርዝ አዘውትሮ በመላኩ ነው። ኋላም የተዛወረው የግራ አጥሩ ከመምቻው 315 ጫማ ብቻ ወደሚርቅበት ወደ ሂዩስተን ስታዲየም ነው። እንዲህ ያለውን መቺ ቁጥሮቹ ዕድለኛ ያስመስሉታል። ሌሎች ተወዳዳሪዎችም እነዚሁን ቁጥሮች አይተው ስለሚያልፉት፣ ለሚያውቀው ሰው በቶርናመንት የተሻለ ምርጫ ይሆናል።

ፍጥነተ እግር ሁለተኛው የጣሪያ ምንጭ ነው። አንድ ቤዝ መስረቅ (ምት ሳይኖር ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ መያዝ) በድራፍትኪንግስ 5፣ በተፎካካሪው በፋንዱኤል 6 ነጥብ ያስገኛል። በ2023 ቤዞቹ ከ15 ወደ 18 ኢንች ሲሰፉና ወርዋሪው ሯጩን ለመጠበቅ የሚያደርገው ሙከራ ሲገደብ፣ በሊጉ የተሰረቁት ቤዞች በ2022 ከነበሩበት 2,486 ወደ 3,503 አሻቀቡ። ሳቫንት የሩጫ ፍጥነትን በሰከንድ በጫማ ይለካል፤ የሊጉ አማካይ 27፣ የላቀው 30 ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚጠቅመኝ ግን ብዙ ሰው የማይከፍተው የካቸሮች (ከመቺው ጀርባ ሆነው የተወረወረውን ኳስ የሚቀበሉ ተጫዋቾች) ሰንጠረዥ ነው፤ ኳሱ የካቸሩ ጓንት ውስጥ ከገባበት ቅጽበት ሁለተኛ ቤዝ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ያሳያል፤ አማካዩም ሁለት ሰከንድ ያህል ነው። ዘገምተኛ ካቸር በሚጫወትበት ምሽት በ2024 67 ቤዝ የሰረቀውን ኤሊ ዴ ላ ክሩዝን የመሰለ ተጫዋች ጣሪያ ከወትሮው ይልቅ ከፍ ይላል። ኃይልና ፍጥነት በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ሾሄ ኦታኒ በሴፕቴምበር 19 ቀን 2024 በማያሚ አሳይቷል፦ ስድስት ጊዜ መትቶ፣ ከእነዚህም ሦስቱ ሆም ረንና ሁለቱ ደብል ሆነው፣ 10 ረን አስገብቶና ሁለት ቤዝ ሰርቆ በድራፍትኪንግስ ስሌት 81 ነጥብ አስመዝግቧል።

ስለ ወርዋሪዎች ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሳቫንት እዚህ ላይ ከሞላ ጎደል እንከን የለሽ ነው። እያንዳንዱ ስትራይክአውት በድራፍትኪንግስ ለወርዋሪው 2 ነጥብ ስለሆነ፣ መታየት ያለበት መቺዎች ዱላቸውን ወዝውዘው ኳሱን የሚስቱበት መጠን ነው፤ ይህም በየውርወራው ዓይነት ተዘርዝሮ ይገኛል። ስፔንሰር ስትራይደር በ2023 281 ስትራይክአውት በማስመዝገብ ሊጉን የመራው ኢአርኤው (በዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ፣ በእርሱ ላይ የሚቆጠረው ረን አማካይ) 3.86 ሆኖ ነው፤ ኢአርኤውን ብቻ ያየ ሰው ያልፈው ነበር። ርካሽ መቺ ለሚፈልግ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ የትሪፕል ኤ (ከሜጀር ሊግ ቀጥሎ ያለው ሊግ) መረጃ መጨመሩ ትልቅ ስጦታ ነው። ገና ከታችኛው ሊግ የወጣ ወጣት ዋጋው ዝቅተኛ፣ ስሙም እንግዳ ስለሚሆን ብዙ ሰው አይመርጠውም፤ የምት ኃይሉ ግን እዚያ ታች ሳለ ተለክቶ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ጎደለው ነገር ልምጣ። ሳቫንት ተጫዋቹ በፋንታሲ ገበያ ስንት እንደሚያወጣ አያሳይም፤ ስንት ተወዳዳሪ ሊመርጠው እንደሚችልም አይገምትም። የስታዲየሞችን ባሕርይ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ጠቃሚ ቢሆንም የበርካታ ዓመታት አማካይ ስለሆነ፣ የዴንቨሩ ኩርስ ፊልድ ከፍታ ለመቺዎች እንደሚያደላ ይነግራል እንጂ በቺካጎ ሪግሊ ፊልድ ነፋሱ ዛሬ ወደ ውጭ ይንፈስ ወደ ውስጥ አይነግርም። ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግን ሳቫንት ተጫዋቾችን አንድ በአንድ የሚመለከት መሆኑ ነው። በቶርናመንት አሸናፊ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቡድን ተከታትለው የሚመቱ ተጫዋቾችን በአንድነት የያዘ አሰላለፍ ነው፤ ድራፍትኪንግስ ከአንድ ቡድን እስከ አምስት፣ ፋንዱኤል እስከ አራት መቺዎችን ይፈቅዳሉ። ቤዞቹ ሁሉ ሞልተው ሆም ረን ሲመታ መቺው 20 ነጥብ ያገኛል፤ ከፊቱ የነበሩት ሦስቱም በገቡት ረን ሁለት ሁለት ስለሚጨመርላቸው አራቱንም የመረጠ ሰው ከአንድ ምት 26 ነጥብ ይሰበስባል። ባረልን ብቻ እያየ ከስምንት ቡድን ስምንት ኃይለኞችን የለቀመ ሰው ይህን መደራረብ አያገኝም።

ስለዚህ ሳቫንት የመጀመሪያው መስኮት ሊሆን ይገባል እንጂ የመጨረሻው አይደለም። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል፣ በመጀመሪያ በስትራይክአውት ደካማ የሆነውንና ባረል የሚፈቅደውን ወርዋሪ ከእርሱ መፈለግ፣ ቀጥሎ ያንን ወርዋሪ ከሚገጥመው ቡድን በመምቻ ተራ ብዙ ባረል ያላቸውን ሦስት ወይም አራት ሰዎች መለየት፣ ዋጋውንና የመመረጥ ግምቱን ከሌላ ቦታ ማምጣት፣ በመጨረሻም የቡድኑ አሰላለፍ ይፋ ሲሆን እነዚያ ሰዎች ተከታትለው የሚመቱ መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው። አንድ ወይም ሁለት አሰላለፍ ብቻ ለሚያስገባ ሰው ይህ በቂ ስለሆነ የሚከፈልበት አገልግሎት አያስፈልገውም። በአንድ ውድድር የሚፈቀደውን 150 አሰላለፍ ሙሉ የሚያስገባ ሰው ግን ቁጥሮቹን አውርዶ ከአሰላለፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ጋር ካላገናኛቸው፣ በገጹ ላይ በእጅ እየፈለገ የመጀመሪያው ኢኒንግ ሳይጀመር ሊጨርስ አይችልም።