ማርሴይን በባዶ ኪስ ላሳዩኝ ማዳም፣ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሥራ፣ ፈተና፣ ስንፍና፣ ሁሉም ተደራርቦ ቆየ። ማዳም አማርኛ ስለማያነቡ ይቅርታዬ አይደርሳቸውም። ጥቆማው ግን ለእናንተ ይድረስ።

ፈረንሳይ፣ ሊዮን የምኖር ተማሪ ነኝ፣ በትርፍ ሰዓቴ ምግብ ቤት ሰሃን አጥባለሁ። ግንቦት ላይ አራት የእረፍት ቀን ሳገኝ ባሕር ልይ ብዬ በአውቶቡስ ማርሴይ ወረድኩ። አልጋ በኢንተርኔት ይዤ፣ ሙሉውን ከፍዬ ነበር። ስደርስ በሩ ዝግ፣ ስልኩ ዝግ። ብሩም እዚያው ቀረ። የማንን በር እንዳንኳኳሁ አልናገርም፣ ስለ ብሩ አሁንም ድረስ እየተጻጻፍን ነው። ኪሴ ውስጥ የቀረኝ 38 ዩሮ ነበር፣ ለአራት ቀን። ደግነቱ አንድ የድሬ ልጅ እዚያ አለና ሶፋውን ለቀቀልኝ። ማታ ማታ እሱ ጋ ሽሮ አይጠፋም። ቀን ግን እሱ ሥራ ነው፣ እኔ ደግሞ ቺስታ ሆኜ ከተማው ላይ።

ያተረፈኝ ከመነሳቴ በፊት የሞላሁት አንድ ፎርም ነው። ግሪተርስ የሚባል ነገር አለ፣ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ዮርክ ላይ ተጀምሮ ዛሬ ብዙ አገር ገብቷል። የከተማው ነዋሪ ለእንግዳ ሰፈሩን በእግሩ እየዞረ ያሳያል፣ በነፃ። ቲፕ እንኳን አይቀበሉም። የማርሴዩ ስም ማርሴይ ፕሮቫንስ ግሪተርስ ነው። ድረ ገጻቸው ላይ የምትመጡበትን ቀን፣ የምትናገሩትን ቋንቋ፣ ምን እንደምትወዱ ትሞላላችሁ፣ እነሱ የሚስማማችሁን ሰው ይፈልጋሉ። እኔ የጻፍኩት "የሐረር ልጅ ነኝ፣ መራመድ እወዳለሁ፣ ገንዘብ የለኝም" የሚል ነበር። የመጨረሻዋን ለቀልድ ነበር የጨመርኳት፣ ትንቢት ሆና አረፈችው።

ማዳም ሳን ሻርል ባቡር ጣቢያ ደረጃው አናት ላይ ጠበቁኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ ነርስ ናቸው፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ስኒከር ያደረጉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) ተባብለን አምስት ደቂቃ ዘገየሁ፣ ሰዓታቸውን ብቻ አሳዩኝና መውረድ ጀመሩ። ደረጃው 104 ነው። ከላይ ሆነህ ከተማው እስከዚያኛው ኮረብታ ድረስ ይታይሃል። ጎኑ ላይ የፈረንሳይን የእስያና የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች የሚወክሉ የተጋደሙ ሴቶች ሐውልቶች አሉ። ማዳም ፊታቸውን ጨምደድ አድርገው "ያኔ እንዲህ ነበር የምናስበው" አሉና አለፉ። እዚያ ጋ ነው የወደድኳቸው።

ቁልቁል ወደ አሮጌው ወደብ፣ ቪዩ ፖር ሄድን። ጠዋት ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባቸው አውርደው እዚያው ይሸጣሉ፣ ዓሣው ገና ይዘላል። አትገዙም፣ ታያላችሁ፣ ትስቃላችሁ፣ ሴቶቹ ሲጮሁ ትሰማላችሁ። አጠገቡ ኖርማን ፎስተር እ.ኤ.አ. በ2013 የሠራው ትልቅ የመስታወት ጣሪያ አለ፣ 46 ሜትር በ22 ሜትር። መስታወት አልኩ እንጂ ብረት ነው፣ ተወልውሎ ነው እንደዚያ የሆነው። ከሥሩ ቆመህ ቀና ስትል ራስህን ተዘቅዝቀህ ታያለህ። ማዳም በዚያ እድሜያቸው ቀና ብለው እጃቸውን ሲያውለበልቡ እኔ አፍሬ ዞር አልኩ፣ ከዚያ እኔም አውለበለብኩ። ቡያቤስ የሚሉትን ውድ የዓሣ ሾርባ አመጣጥም እዚያው ነገሩኝ። ድሮ አጥማጆቹ ገዢ ያጣውን ዓሣ ሰብስበው የሚቀቅሉት የድሃ ምግብ ነበር። ዛሬ ደህና ቤት ከገባህ አንዱ ሳህን የእኔን የአራት ቀን በጀት ጠራርጎ ይወስዳል።

ከዚያ ለ ፓኒዬ፣ የጥንቱ ሰፈር። ዳገት፣ ጠባብ መንገድ፣ መስኮት ላይ የተሰጣ ልብስ። የጁገልን መንገዶች የሚያውቅ ሰው እዚህ አይጠፋም፣ ወይም እንደ እኔ ደስ ብሎት ይጠፋል። ከሥሩ፣ ወደቡ ዳር ያለው ሰፈር ግን አዳዲስ ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጀርመኖች ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው አስወጥተው ሰፈሩን በድማሚት አፈረሱት። ማዳም እዚህ ጋ ድምፃቸው ቀነሰ። እኔም አልጠየቅኩም።

ላ ቪዬይ ሻሪቴን አለማየት ነውር ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንባታው የተጀመረ፣ ለማኝና ድሃ ከመንገድ እየታፈሰ የሚዘጋበት ቤት ነበር። ሦስት ፎቅ የድንጋይ ቅስት፣ መሐል ግቢው ላይ እንቁላል ቅርፅ ጉልላት ያላት ጸሎት ቤት። አሁን ሙዚየም ነው፣ ቋሚ ስብስቡን ለማየት ክፍያ የለም። የከተማው ማዘጋጃ ቤት ሙዚየሞች ቋሚ ስብስባቸው በነፃ ነው፣ ይህን ብዙ ቱሪስት አያውቅም። እኔም ባዶ ኪሴን ይዤ በራሴ ፈቃድ ገባሁ፣ በራሴ ፈቃድ ወጣሁ።

ሙሴም የሚባለው አዲሱ ትልቅ ሙዚየም ኤግዚቢሽኑ ያስከፍላል። ማዳም ግን "ማን ግባ አለህ?" ብለው በጎን ወሰዱኝ። ፎር ሳን ዣን የሚባለው ምሽግና የአትክልት ቦታው ነፃ ነው፣ ከምሽጉ ወደ ሙዚየሙ ሰገነት ባሕር ላይ የተዘረጋው ቀጭን ድልድይም ነፃ ነው። ሰገነቱ ላይ በኮንክሪት መረብ ውስጥ ባሕሩን እያያችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ፣ ማንም ምን ልታዘዝ አይላችሁም። (የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ከደረሳችሁ ኤግዚቢሽኑም ነፃ ነው።)

ግሪተርስ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው የሚያዞሩት። እኛ አምስት ሰዓት ዞርን። ኖዋይ ገበያ ገብተን ዳቦና ወይራ በ3 ዩሮ ከፍዬ ልጋብዛቸው ስል ከቦርሳቸው የተቀቀለ እንቁላልና ቲማቲም አወጡ፣ ጨው ሳይቀር በወረቀት ጠቅልለዋል። ቡና ልግዛልዎ ብል አሻፈረኝ። ደንቡ ነው አሉኝ። የእኛ አገር ደንብ ደግሞ ሌላ ነው ብዬ ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ።

ከምሳ በኋላ "አሁን ላንተ ያስቀመጥኩት አለ" ብለው ሃያ ደቂቃ አስጓዙኝና አንድ ሆስፒታል ግድግዳ ሥር አቆሙኝ፣ ኦፒታል ደ ላ ኮንሴፕሲዮን። ጽሑፍ ተለጥፏል። አርተር ራምቦ፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ! የእኛው፣ የሐረሩ የራምቦ ቤት ራምቦ። ልጅ ሆነን በዚያ በር ስንት ጊዜ ኳስ አባረናል፣ ሰውየው የት እንደሞተ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ገጣሚነቱን ትቶ ሐረር ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር። ጉልበቱን ታሞ እ.ኤ.አ. በ1891 በቃሬዛ ተሸክመውት ከሐረር እስከ ዘይላ ወረደ፣ ከዚያ በመርከብ ግንቦት ላይ ማርሴይ ገባ፣ እዚያ ሆስፒታል እግሩን ቆረጡት፣ ኅዳር ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ። እኔም ግንቦት ላይ ገብቼ እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜያለሁ። ጽሑፉ ግን ከኤደን (ከየመኗ ወደብ) እንደተመለሰ ነው የሚለው፣ ሐረርን አያነሳም። ኤደንማ ማለፊያው ነው! ለማዳም ይህን ስነግራቸው ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት። ለሚቀጥለው እንግዳ እነግራለሁ አሉ።

የቀሩትን ቀናት እሳቸው በካርታ ላይ በእስክሪብቶ እየከበቡ በሰጡኝ መሠረት ነው የዞርኩት። ኖትርዳም ደ ላ ጋርድ በእግር ወጣሁ፣ ዳገቱ ልብ ያፈርሳል፣ መግቢያው ነፃ ነው። የማርሴይ ሰው "ደጓ እናት" ነው የሚላት። ውስጧ ከጣሪያው ትንንሽ የመርከብ ሞዴሎች ተንጠልጥለዋል፣ ግድግዳው በሥዕልና በእብነ በረድ ሰሌዳ ተሞልቷል። ከማዕበል የተረፈ መርከበኛ፣ ከበሽታ የዳነ ሰው ያገባው ነው። ስለት ማለት እኮ ነው! ቁልቢ ትዝ አለኝ፣ ጥላና ሻማው ብቻ ነው የጎደለው። ኮርኒሽ የሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ላይ ደግሞ መጨረሻው የማይታይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ዳቦዬን ይዤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጥኩ። ካታላን ባሕር ዳርቻ ገብቼ ዋኘሁ፣ በግንቦት ውሃው እንደ በረዶ ነው፣ አትሞክሩት።

ሱጂቶን ግን ሞክሩት። ካላንክ ከሚሉት የነጭ ገደል ዳርቻ አንዱ ነው። ሉሚኒ ዩኒቨርሲቲ ድረስ በከተማ አውቶቡስ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ በእግር። ውሃ ያዙ፣ እዚያ ምንም የለም። በሐምሌና ነሐሴ ቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ግዴታ ነው፣ ምዝገባውም ነፃ ነው፣ እሳት የሚያሰጋበት ቀን ደግሞ መንገዱን ይዘጉታል።

ሊዮን ስገባ 11 ዩሮ ቀርቶኝ ነበር።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ግሪተርስ ጋ ቀደም ብላችሁ ጻፉ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቀረው። እስከ ስድስት ሰው ሆናችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ፈረንሳይኛ ካልቻላችሁ በእንግሊዝኛ የሚያዞር አለ። መቅረት ካለባችሁ አሳውቁ፣ ሰዎቹ ደሞዝተኛ አይደሉም፣ ቀናቸውን ነው የሚሰጧችሁ። አትዘግዩ፣ ሰዓት ያሳዩአችኋል።

ማዳም ስንለያይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፣ የራምቦ ቤትን ፎቶ። ስልኬ ውስጥ አንዲት የደበዘዘች ብቻ ናት ያለችው። አሁን ሐረር ያላችሁ ልጆች፣ ባለቀለም መስታወቶቹ በደንብ የሚታዩበት አንድ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ቢሆን ይመረጣል። አሳትሜ በፖስታ እልክላቸዋለሁ። ፎቶ ቲፕ አይደለም፣ ይህንን መቀበል አለባቸው።