አራቱ የፒንክ ፍሎይድ ሸክላዎች ከስምንት ወር በኋላ፦ መርፌው ለየትኛው ይፈርዳል?

የእንግሊዙ የሮክ ቡድን የፒንክ ፍሎይድ አድናቂዎች የትኛው አልበም ይበልጣል ብለው ሲከራከሩ ነገሩ ዞሮ ዞሮ አራት አልበሞች ላይ ይወድቃል፦ ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን (1973)፣ ዊሽ ዩ ወር ሂር (1975)፣ አኒማልስ (1977) እና ዘ ዎል (1979)። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የቡድኑ የመጀመሪያ መሪ የሲድ ባሬት ወገኖች የ1967ቱ የመጀመሪያ አልበም ካልተነሳ አይለቁም፤ ኤኮስ የሚባለው ዘፈን ብቻውን የሸክላውን አንድ ሙሉ ፊት ስለያዘ ሜድል የተባለውን አልበም የሚያስቀድሙም ሞልተዋል። ይህ ግምገማ አራቱን ብቻ ይመለከታል፤ ያውም በሸክላ። (ሸክላ ማለቱ ለምዶብን ነው እንጂ ዕቃው ቪኒል ነው።)

አራቱን አንድ ዙር ማዳመጥ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በሳምንት አንድ ዙር፣ ለስምንት ወር፣ በጠቅላላው 120 ሰዓት ገደማ። ማጫወቻው በቀበቶ የሚዞር መካከለኛ ዕቃ ነው። መርፌው እስከ አምስተኛው ወር ኤሊፕቲካል (ጫፉ ሞላላ) ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ማይክሮላይን (ጫፉ ይበልጥ ቀጭን)። ቅጂዎቹ ሁሉም አዳዲስ እትሞች ናቸው።

በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። እነዚህ አልበሞች የተቀናበሩት ሁለት ፊት ላላቸው ሸክላዎች ነው፤ የትኛው ዘፈን ዳር ላይ፣ የትኛው መሃል ላይ እንደተቀመጠ ደግሞ የሚሰማውን ድምፅ ይለውጠዋል። ሸክላው በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ ይዞራል፤ ይህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። ዳር ላይ፣ ከመሃሉ 146 ሚሊሜትር ርቀት ላይ፣ በመርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ያህል ቦይ (ሙዚቃው የተቀረጸበት ጠባብ መስመር) ያልፋል። መሃል ወዳለው ወረቀት ተጠግቶ 60 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ ግን 21 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ያው የአንድ ሰከንድ ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ታጭቆ ይቀመጣል ማለት ነው። ቀጫጭኖቹ ሞገዶች ከመርፌው ጫፍ ስፋት ያንሳሉ፤ መርፌው ይዘላቸዋል ወይም ይፍቃቸዋል። «ስ» እና «ሽ» መንጫጫት፣ ጸናጽል እንደ ተቀደደ ወረቀት መንሿሿት የሚጀምሩት እዚያ ነው።

አሁን ዘ ዎልን እንይ። ሦስተኛው ፊት የሚያልቀው በኮምፈርተብሊ ነምብ ነው። ብዙዎች የዴቪድ ጊልሞር ትልቁ ሥራ የሚሉት ሁለተኛው የጊታር ሶሎ የተቀረጸው በፊቱ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ ማለትም ለጊታር በከፋው ቦታ ላይ ነው። በኤሊፕቲካሉ መርፌ ጊታሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጠርዙ ይሻክር ነበር። ቀለል ያለ ጆሮ «ጊታሩ በዲስቶርሽን ስለተጫወተ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ በሲዲ አስተያይቶ ያዳመጠ ግን ልዩነቱን አይስተውም። ዘፈኑ በሲዲ አንደኛ የሚወጣላቸውና በሸክላ «እንዲያው ነው» የሚሉት አድናቂዎች ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሰሙት ድምፅ የተለያየ ነው።

መፍትሔው ሦስት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ የመርፌው ጫና። ለዚህ ካርትሪጅ (መርፌውን ለያዘው ክፍል) የተፈቀደው ከ1.8 እስከ 2.2 ግራም ነው፤ 1.8 ላይ መርፌው ከቦዩ ግድግዳ ይላቀቃል። ጫና መቀነስ ሸክላውን ያተርፋል የሚለው እምነት የተገላቢጦሽ ነው፤ የላላ መርፌ እየነጠረ ግድግዳውን ይመታል። በትንሿ ዲጂታል ሚዛን ተመዝኖ 2.05 ሲደርስ ግማሹ ችግር ቀለለ። ቀጥሎ አንቲስኬት፣ ማለትም ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚይዘው ማስተካከያ። መሻከሩ ከቀኝ ስፒከር ብቻ ከተሰማ ክንዱ ወደ መሃል እየተሳበ ነውና አንቲስኬቱ ይጨመር፤ የቀኙ ቻናል የተቀረጸው በውጭው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው። ከግራ ብቻ ከሆነ ይቀነስ። ሦስተኛውና ብዙ ለውጥ ያመጣው የካርትሪጁ አቀማመጥ ነው። ክንዱ በቅስት ስለሚሄድ መርፌው ከቦዩ ጋር በትክክል የሚገጥመው በሁለት ነጥቦች ብቻ ነው። በባየርቫልድ አሠራር ነጥቦቹ 66 እና 121 ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው፤ በስቲቨንሰን 60.3 እና 117.4። ስቲቨንሰን አንዱን ነጥብ የፊቱ ማለቂያ ላይ ስለሚያስቀምጥ ለዚህ ሦስተኛ ፊት የተሠራ ይመስላል። ሁለቱን የካርትሪጅ ብሎኖች ማላላት፣ የታተመውን መለኪያ ወረቀት ማንጠፍ፣ ካርትሪጁን ማስተካከል፣ ከዚያ ጫናውን እንደገና መመዘን፤ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ወረቀቱ ሲታተም መጠኑ ከተለወጠ ግን ሁሉም ከንቱ ነው፤ በማስመሪያ ይፈተሽ። ጉዳቱም ይታወቅ፦ የፊቱ መካከለኛ ክፍል ትንሽ ይከፋል።

የቀረውን ማይክሮላይኑ ጨረሰው። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ጥቅጥቅ ያለው ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ አምራቾች ለኤሊፕቲካል 300 ሰዓት፣ ለማይክሮላይን እስከ 1,000 ሰዓት ይሰጣሉ። አሁን ሶሎው እስከ መደብዘዣው ድረስ ንጹሕ ነው። የተቀሩት የዘ ዎል ፊቶች መጀመሪያውንም አያስቸግሩም፤ አንደኛው በማዘር፣ ሁለተኛው በጉድባይ ክሩኤል ወርልድ፣ አራተኛው በአውትሳይድ ዘ ዎል ያልቃሉ፣ ሁሉም ለስለስ ያሉ ናቸው።

ስለ ዘ ዎል ሌላ ቅሬታ ካለ ስለ ድምፁ አይደለም። 26 ዘፈን፣ 81 ደቂቃ፣ ሦስት ጊዜ መነሳት። አልበሙ ሲያልቅ የሚቆረጠው ዓረፍተ ነገር መጀመሪያው ላይ ይቀጥላል፤ ክቡ እንዲገጥም ሁለተኛውን ሸክላ አንስቶ አንደኛውን መመለስ ያስፈልጋል፤ ከ81 ደቂቃ በኋላ ማን ያደርገዋል? ከሃያኛው ዙር በኋላ አራተኛው ፊት ላይ ያለው የፍርድ ቤት ትዕይንት እንደ ቴአትር እንጂ እንደ ሙዚቃ አይደመጥም። የአልበሙ ዋና ደራሲ የሮጀር ዋተርስ ወገኖች በዚህ አይስማሙም፤ ለእነሱ ታሪኩ ነው ዋናው። ይሁን። ግን ጊልሞር በቅንብር ስሙ የሚገኘው ሦስት ዘፈኖች ላይ ብቻ ነው፤ ከስምንት ወር በኋላ እጅ ደጋግሞ የሚሄደውም ወደነዚያው ፊቶች መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስልም።

ዳርክ ሳይድ ለማጫወቻ መፈተሻ የሚሆን አቻ የለውም። የልብ ምቱ ከጸጥታ ሲነሳ የሸክላው የራሱ ድምፅ ሁሉ ይታወቃል፤ ስምንተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል አለን ፓርሰንስ የቀረጻቸው ሰዓቶች ባንድ ጊዜ ሲያቃጭሉ የላላ መርፌ ይጋለጣል። የአንደኛው ፊት ማለቂያ ግን እንደ ዘ ዎል ሦስተኛ ፊት ፈታኝ ነው፦ ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ። የእንግዳዋ ድምፃዊት የክሌር ቶሪ ድምፅ ጣሪያ የሚነካው በጠበበው ቦይ ላይ ነው። (ቶሪ የዜማው ተባባሪ ደራሲ መሆኗ የተመዘገበው ከ2005ቱ ስምምነት በኋላ ነው፤ ስሟ ከቡድኑ ኪቦርድ ተጫዋች ከሪቻርድ ራይት ጎን ያለበት እትም ከዚያ ወዲህ የወጣ ነው።) ሁለተኛው ፊት ደግሞ ከ23 ደቂቃ ያልፋል፣ ኢክሊፕስም ሙሉ ኃይሉን ይዞ መጨረሻው ላይ ይመጣል። መሣሪያው በደንብ ካልተስተካከለ የአልበሙ ሁለቱም ከፍታዎች የሚሰሙት በጉድለት ነው።

ደጋግሞ ሲሰማ ምን ይሆናል? የሰዓቶቹ ጩኸትና መኒ በሚለው ዘፈን ያለው የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ድምፅ መጀመሪያ ያስደስታሉ፣ በአሥረኛው ይታለፋሉ፣ በሃያኛው ያስቸግራሉ። የማይደክመው አስ ኤንድ ደም ነው፤ የሪቻርድ ራይት ኮርዶችና የዲክ ፓሪ ሳክስፎን በፊቱ አጋማሽ፣ ለመርፌ በሚመች ስፍራ ተቀምጠዋል። ለጀማሪ አድናቂ አንድ አልበም ስጥ ቢባል አሁንም የሚሰጠው ዳርክ ሳይድ ነው። ለስምንተኛው ወር ግን አይደለም።

ዊሽ ዩ ወር ሂር ጥሩ ቅጂ ካልተገኘ የሚያበሳጭ አልበም ነው። የመክፈቻው ዘፈን ሻይን ኦን ሲጀምር ለአራት ደቂቃ ያህል ድራም የለም፤ የራይት ሲንተሳይዘርና የጊልሞር ጊታር ብቻ ይንሳፈፋሉ፣ ከዚያ ነው የጊታሩ አራት ኖታዎች የሚመጡት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንዲት «ጠቅ» እንኳ ትሰማለች። ሦስት ዓይነት ችግር አለ፣ መለየት ያስፈልጋል። አቧራ ከሆነ በየቦታው ይበታተናል፣ በመጥረግ ይሄዳል። ጭረት ከሆነ በየ1.8 ሰከንዱ፣ ማለትም በየዙሩ፣ እኩል ይመታል። ሲታተም ቪኒሉ ቦዩን ሳይሞላ ከቀረ ደግሞ እንደ ዚፕ የሚቀድድ ድምፅ ከአንድ ወገን ይወጣል፤ ይህ በማጠብ አይለቅም፣ ሸክላው ይመለስ።

የመሃል ቀዳዳው ያለቦታው መበሳትም እዚሁ አልበም ላይ ይጋለጣል። ግማሽ ሚሊሜትር ቢዛነፍ ፊቱ ማለቂያ ላይ የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ወዲህና ወዲያ 0.8 በመቶ ይወዛወዛል፤ ረጃጅም የሲንተሳይዘር ኖታዎች እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ። ለማወቅ ጆሮ እንኳ አያስፈልግም፤ ክንዱን ከፊት ለፊት ማየት በቂ ነው፣ በየዙሩ ግራ ቀኝ ከዋዠቀ ቅጂው ጠማማ ነው። በሌላ በኩል የርዕሱ ዘፈን ሲጀምር ጊታሩ ቀጭንና ሩቅ ሆኖ ቢሰማ መርፌ አትጥረጉ፤ ሆን ተብሎ ከሬዲዮ የሚወጣ እንዲመስል ተደርጎ ነው። ሃቭ ኤ ሲጋር መጨረሻው ላይ በድንገት የሚሰልለውም በዚሁ ምክንያት ነው። (እሱን የዘፈነው ሮይ ሃርፐር ነው፤ ከቡድኑ አባላት አንዱ የሚመስለው ሰው አሁንም አይጠፋም።)

ንጹሕ ቅጂ ሲገኝ አልበሙ በየሳምንቱ አዲስ ይሆናል። የመጨረሻው የሻይን ኦን ክፍል በራይት ኪቦርድ እየለሰለሰ ስለሚጠፋ የውስጠኛው ቦይ አይጎዳውም።

ስለ አያያዝ በአጭሩ። ከመጫወት በፊት የካርቦን ፋይበር ብሩሽ ሁለት ዙር ሳይጫን ይያዝና ወደ ዳር ይጠረግ። ያረጀ ቆሻሻ ካለ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ቦዩን ተከትሎ በለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ ሁለት ጊዜ፤ የመሃሉ ወረቀት እንዳይረጥብ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ቦዩ ውስጥ ማዕድን ይተዋል። ወረቀቱ የውስጥ ከረጢት ብናኝ ስለሚያራግፍና ስታቲክ ስለሚፈጥር በፖሊኤቲሊን ይቀየር። ጥብቅ የሆነውን የፋብሪካ ላስቲክ ለክብሩ ብለው የሚያቆዩት አሉ፤ እየተኮማተረ ሸክላውን ያጎብጠዋልና ተቀዶ ይጣል።

አኒማልስ ወደ መጨረሻ የቀረው ክርክሩ የሚያልቀው እሱ ላይ ስለሆነ ነው። ከአራቱ በአድናቂዎች ምርጫ ትንሹን ድምፅ የሚያገኘው ይህ ነው። ደረቅ፣ ቁጡ፣ ሬዲዮ ላይ የሚሆን ዘፈን የሌለው። ራይት በደራሲነት ስሙ የሌለበት የመጀመሪያው የፍሎይድ አልበም በመሆኑም ብዙዎች ይቀንሱበታል። ሸክላው ላይ ግን አቀማመጡን እዩት። አንደኛው ፊት 18 ደቂቃ ተኩል ብቻ ስለሆነ ቦዩ ሳይጨናነቅ ይቀረጻል፣ ወደ መሃልም ብዙ መግባት አያስፈልገውም፤ እጅ ላይ ባለው ቅጂ በመጨረሻው ቦይና በወረቀቱ መካከል ያለው ባዶ ስፍራ በዓይን ይታያል። ዶግስ የተባለው ዘፈን 17 ደቂቃውን ሙሉ፣ የመጨረሻዎቹን የተደራረቡ ጊታሮች ጨምሮ፣ በኤሊፕቲካሉም መርፌ አልሻከረም።

ዶግስና ሺፕ ከአልበሙ ቀድመው፣ በ1974፣ በሌላ ስም መድረክ ላይ ይጫወቱ ነበር። ይህ ይሰማል። የጊልሞር ሶሎዎች ለመሙያ የገቡ አይደሉም፣ እያንዳንዱ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያሻግራል። በሠላሳኛው ዙር ላይ እንኳ ከሺፕ በስተጀርባ ያለው የቤዝ ሩጫ አዲስ ነገር ያሳያል። የድምፅ ማጀቢያው፣ የውሻ ጩኸትም ሆነ የበግ፣ ከሙዚቃው ጋር ስለተዋሐደ እንደ ሰዓቶቹ አይሰለችም።

የትኛው እትም? የ1977ቱ ቅልቅል (የመሣሪያዎቹና የድምፆቹ ሚዛን) የታፈነ ነው፤ የኒክ ሜሰን ድራም ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ይመስላል። በ2018 የተሠራውና በ2022 የወጣው የጄምስ ጋትሪ ቅልቅል ድራሙንና ቤዙን ያወጣል፣ ቃላቱም ይለያሉ። የድሮውን የሚወዱ «ያ ጭጋግ የቁጣው አካል ነበር» ይላሉ፤ በዶግስ ላይ እውነት አላቸው፣ በፒግስ ላይ ግን አዲሱ ያለጥርጥር ይበልጣል። አንድ ብቻ የሚገዛ አዲሱን ይግዛ።

ሁለተኛው ፊት 23 ደቂቃ ነው፣ እንደ ዳርክ ሳይድ ሁለተኛ ፊት ረጅም። ልዩነቱ ማለቂያው ላይ ነው። የሺፕ ጊታሮች ጮኸው ጮኸው ከደበዘዙ በኋላ መርፌው ወደ ጠበበው ቦይ ሲገባ የሚያገኘው የፒግስ ኦን ዘ ዊንግን ሁለተኛ ክፍል ነው፦ አንድ አኩስቲክ ጊታርና የዋተርስ ድምፅ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል፣ ከዚያ ክንዱ ይነሳል።