የቱታ ወጥመድ ለጓሮ ቲማቲም፦ ድንኳኑ ይቅርባችሁ፣ ሳፋ ይበቃል

ቱታ ትሉ የቲማቲም ቅጠል ውስጥ ገብቶ የሚበላ ትንሽ የእሳት እራት ነው። ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ አካባቢ ጓሮው ውስጥ ቲማቲም ለተከለ ሰው፣ እሱን ለማጥመድ ዋናው ዕቃ ባለሦስት ማዕዘኑ የፕላስቲክ ድንኳን አይደለም፤ ውስጡ የሚቀመጠው የሽታ ማማለያ፣ ያቺ ትንሽ የላስቲክ ቡሽ ናት። ለማማለያው ከአምስት አራት እንሰጣለን፤ ለድንኳኑ ሁለት ይበዛበታል። ድንኳኑ ውስጥ ያለው የሙጫ ካርቶን በበጋ አቧራ ከለበሰ ወዲያ የእሳት እራቱን አይዝም።

ማማለያውን ለብቻው ግዙ። ሰፋ ያለ ሳፋ ውሃ ሞልታችሁ ጥቂት ጠብታ ላርጎ ጨምሩበት፤ ሳሙና ከሌለው የእሳት እራቱ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ተመልሶ ይበራል። ቡሿን በሽቦ ከውሃው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አንጠልጥሉ፤ ውሃ ከነካት ዋጋ የላትም። በእጃችሁም አትንኳት፣ በንጹህ ፌስታል ያዟት። ለክረምት ዝናብ ከሳፋው አፍ ዝቅ ብሎ ሁለት ቀዳዳ ይበጅለት፣ አለዚያ ሞልቶ ቡሿን ያጥባታል። ሳፋው መሬት ላይ፣ ቲማቲሙ ሥር ይቀመጥ። ቱታ ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው፤ አጥር ላይ መስቀል ትርፉ ድካም ነው።

ቡሿ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ታገለግላለች፣ ያውም በወጉ ከተቀመጠች። እስክትከፈት ድረስ ቦታዋ ፍሪዘር ነው። ባለሱቁ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ሥር አንስቶ ከሰጣችሁ፣ ማሸጊያው ቢያብረቀርቅም ትታችሁ ውጡ።

ማማለያዋ የሴቷን ሽታ ስለያዘች ወጥመዱ የሚይዘው ወንዱን ብቻ ነው። ከጎረቤት ግቢ ከወንድ ተገናኝታ የመጣች ሴት እስከ 260 እንቁላል ትጥላለችና፣ ሳፋውን እንደ ማንቂያ ደወል እንጂ እንደ መድኃኒት አትቁጠሩት። የሚያዘው ሲበረክት ቅጠሉን ገልብጡ። ጠባብ ጥምዝምዝ መስመር የሌላ ተባይ፣ የዝንብ ሥራ ነው፤ የቱታ ግን ሰፋ ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ውስጡ ጥቁር ኩስ ያለበት ጠባሳ ነው። እሱን ቅጠል ቆርጣችሁ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት እንጂ ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉት።

ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የገባው ይህ ተባይ ሙቀት ይወዳል፤ በ27 ዲግሪ በ24 ቀን አንድ ትውልድ ሲጨርስ፣ በ14 ዲግሪ 76 ቀን ይፈጅበታል። የአዲስ አበባ ብርድ ለመቂና ለባቱ ገበሬ የሌለውን ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ቅጠል በእጅ መልቀም እዚህ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

ሻጩ ከወጥመዱ ጋር ፓይረትሮይድ ከሚባለው የፀረ ተባይ ወገን የሆነ ርጭት ደርቦ ቢያቀርብላችሁ አትውሰዱ። ቱታ ለምዶታል፤ ትሉም ቅጠሉ ውስጥ ስለሆነ ርጭቱ አይደርስበትም። የግድ ከሆነ ስፒኖሳድ የተባለው ፀረ ተባይ ያለበትን ጠይቁ፣ ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን እንደሚጠበቅም መለያው ላይ አንብቡ።