የምኒልክን ወርቅ የት እንሽጠው? ወርቅ ቤት፣ የሳንቲም ነጋዴ ወይስ ጨረታ

ከእናቴ የወረስኩትን ሳንቲም ይዤ እዚህ አሜሪካ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። በ1889 ዓ.ም. የተመታ የምኒልክ ወርቅ ነው። ሰውየው ሚዛን ላይ ጣል አደረገው። 7 ግራም። ካልኩሌተሩን ነካ ነካ አድርጎ አዞረልኝ። አገላብጦ እንኳ አላየውም።

አጭበረበረኝ አልልም። ወርቅ ቤት የሚገዛው ወርቅ ነው። አንበሳው፣ የንጉሡ ዘውድ፣ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈው ዓመት ለሱ ግራም አይጨምሩም። ያቀልጠዋል፣ አለቀ። ሒሳቡንም ልብ በሉ። ሳንቲሙ 90 ከመቶ ወርቅ ነው፤ በካራት 21.6 ይሆናል። ብዙ ቦታ 21 ብለው ይይዙታል፣ ከዚያ ደግሞ ትርፋቸውን ያነሳሉ። ጥቅሙ ፍጥነት ብቻ ነው፦ ገብታችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

የሳንቲም ነጋዴ በአጉሊ መነጽር ነው የሚያየው። ዋጋ የሚሰጠው ለብርቅነቱና ለይዞታው ነው። እሱም መልሶ ሊሸጠው ስለሆነ ግን ሙሉ ዋጋውን አይከፍላችሁም። ደግሞ እዚህ አብዛኛው ነጋዴ የሚያውቀው የአሜሪካን ሳንቲም ነው፤ የውጭ አገር ሳንቲም የሚሠራ ፈልጉ። ሁለት ሦስት ቦታ ሳትጠይቁ አትስጡ።

በእጃችሁ ያለው በ1958 ዓ.ም. የተመታው የጃንሆይ ወርቅ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ባለ 200 ብሩ ብቻውን 80 ግራም ይመዝናል። ዋጋው በአብዛኛው ከወርቁ ክብደት ብዙም ስለማይርቅ ጥሩ ነጋዴ ይበቃችኋል። ለሱ ወራት መጠበቅ ልፋት ነው።

ጨረታ የሚያዋጣው ለምኒልኩ ነው፣ ያውም ጉዳት ያልደረሰበት ከሆነ። ዳላስ ያለው የጨረታ ድርጅት ሄሪቴጅ ኦክሽንስ ከመላው ዓለም ሰብሳቢዎችን ያገናኛል፤ ሁለት ሰዎች እልህ ከተጋቡ ዋጋው ይሰቀላል። ከዚያ በፊት ግን ኤንጂሲ (NGC) ወይም ፒሲጂኤስ (PCGS) ወደሚባሉት የሳንቲም መርማሪዎች ልካችሁ ትክክለኛነቱን አስመስክሩ። ደረጃ ሰጥተው በፕላስቲክ ያሽጉታል። አስመስሎ የተሠራ ስላለ ገዥ ያለዚህ አያምንም። ወጪው ግን አለ፦ የምርመራ፣ የመላኪያና የኢንሹራንስ። ገዥው በጨረታው ዋጋ ላይ 20 ከመቶ አካባቢ ለጨረታው ድርጅት ስለሚጨምር፣ ያንን አስልቶ ነው ዋጋ የሚሰጠው። የሻጭ ኮሚሽን ደግሞ በድርድር ነው፤ አታፍሩ፣ ተከራከሩ።

የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይስ? በፕላስቲክ ላልታሸገ ወርቅ እኔ አልደፍረውም። እቃውን ወስዶ «አስመስሎ የተሠራ ነው» ከሚል ገዥ ጋር መጨቃጨቅ ይመጣል።

ሳንቲሙ አዲስ አበባ ካለ ደግሞ «በሻንጣ አምጣልኝ» አትበሉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ አስቀድማችሁ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

በየትም ብትሸጡ አትወልውሉት። በሎሚና በአመድ የተፈተገ ሳንቲም ያበራል፣ የሰብሳቢ ዋጋው ግን ይወርዳል።

እኔስ? ጨረታ ብዬ ቆርጬ ነበር። መጀመሪያ ግን አንድ የሳንቲም ነጋዴ ዘንድ ወሰድኩት። ጠርዙን በመነጽር አየና ጣቱን ከዘውዱ በላይ አሳረፈ። «ጆሮውን ማን ነው ያነሳው?» አለኝ። ለካ አያቴ አንገቷ ላይ ታስረው ስለነበር የማንጠልጠያ ጆሮ ተበይዶበት ኖሯል። ከወርቅ ቤቱ የተሻለ ሰጠኝ፣ ለጨረታ ግን አትልፋ አለኝ። ሸጥኩለት።