«1839 የንግሥት ቪክቶሪያ ወርቅ» እያሉ ከሚደውሉላችሁ ተጠንቀቁ

እንግሊዝ ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን ሳታነቡ የባንክ ካርድ ቁጥራችሁን በስልክ እንዳትሰጡ። ለአንዲት ጓደኛዬ ደውለው «ኡናና አንበሳው የሚባለው ሳንቲም ነው፣ በዓለም 400 ብቻ ነው ያለው፣ ለእርስዎ በ495 ፓውንድ» አሏት። የእቁብ ገንዘቧን ልታወጣ ነበር።

ሰው የሚሸወደው ታሪኩ እውነት ስለሆነ ነው። ሳንቲሙን የቀረጸው ዊሊያም ዋዮን ነው። ኡና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ግጥም ውስጥ አንበሳ የሚጠብቃት ልጅ ናት። ዋዮን ወጣቷን ቪክቶሪያን በእሷ መስሎ ሠራት። በትረ መንግሥቷን ይዛ ቀድማ ትራመዳለች፣ አንበሳው ከኋላዋ ይከተላታል። የልብሷ እጥፋትና የአንበሳው ጋማ በ38 ሚሊ ሜትር ወርቅ ላይ እንዲህ ጥርት ብሎ መውጣቱ ያስደንቃል። ፕሩፍ፣ ማለትም ለሰብሳቢዎች ተብሎ በልዩ ጥራት የተመታ ሳንቲም ስለሆነ፣ ለዕለት ተዕለት መገበያያ አልተሠራም። በተወለወለ የመምቻ ቅርጽ በጥንቃቄ የተመታ ነው፣ ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል። የተመታው 400 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ደህና ሆኖ የቆየው በጨረታ በመቶ ሺዎች ፓውንድ ይሸጣል። ታዲያ 495 ፓውንድ ከየት መጣ? የወርቁ ዋጋ ብቻ እንኳ ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

«አይተሽው ካልወደድሽው መልሺው» ብለው ላኩላት። ሳጥኑ ያምራል፣ ሰርተፍኬትም አለው፤ ግን የፈረመው ሻጩ ራሱ ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል «በ24 ካራት ወርቅ የተለበጠ» ይላል። ዋናው 22 ካራት ነው፣ ልባጥም አይደለም። የኩሽና ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። እውነተኛው 39 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ የእሷ 20 እንኳ በቅጡ አልሞላም።

ሌላም አለ። የእንግሊዝ መንግሥት ሳንቲም ማምረቻ፣ ሮያል ሚንት፣ በ2019 ይህንኑ ሥዕል እንደገና አውጥቷል። እሱ ሐሰተኛ አይደለም። ግን በጀርባው ዳግማዊት ኤልሳቤጥ አለች። በ1839 ታሪክ ዋጋ እንዳይሸጡላችሁ ገልብጣችሁ እዩ።

የግዢ ቅጹ ላይ ደግሞ በየወሩ አዲስ ሳንቲም እየላኩ ከካርድ እንዲቆርጡ የሚፈቅድ መስመር አለ። እሱን ሳታዩ አትፈርሙ።

ከፍላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ባንካችሁ ደውሉ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛን አብዛኛውን ዕቃ በደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ሰርዞ መመለስ ይቻላል። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፣ ዕቃውን የመላኪያ ደረሰኝ ይዛችሁ መልሱ።