ቢጫው ሰደርያ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰውዬ የውሻዬን ሰደርያ ለማንበብ ጎንበስ አለ። በእሱና በእሷ መካከል አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ጮክ ብሎ አነበበው። «ፈሪ ነኝ፣ እባክዎ ራቅ ይበሉ» ነው የሚለው፣ በእንግሊዝኛ። አንብቦ እንደጨረሰ ፈገግ አለና እጁን ወደ ጭንቅላቷ ሰደደ።

ውሻዬ ዳማ ጥርሷን አጋጨች። አልነካችውም፣ አየር ነው የነከሰችው። ሰውዬው ግን «ውሻሽ አደገኛ ናት» ብሎኝ ሄደ። ቤት እስክደርስ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ውሻ ሰው ከነከሰ ጉዳዩ ለካውንቲው፣ ማለት ለአካባቢው አስተዳደር፣ ይነገራል፣ ውሻውም ለ10 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል። ለእንደሷ ዓይነት ውሻ አስር ቀን ምን ማለት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰደርያውን የገዛሁት ባለፈው ሚያዝያ ነው፣ በ34 ዶላር። ከገዛሁት ጀምሮ ልጽፍበት አስብ ነበር። ዛሬ የጻፍኩት ስለተናደድኩ ነው፣ አልደብቅም።

ዳማን ያገኘኋት ከውሻ መጠለያ ነው። አራት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ስሟን ያወጣሁላት በጠጉሯ ነው፣ ልክ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለች ቡናማ ናት። ከዚያ በፊት ምን እንዳሳለፈች አላውቅም። ኮፍያ ያደረገ ወንድ ትፈራለች። ከኋላዋ የሚሮጥ ሰው ትፈራለች። ክፉ ግን አይደለችም። አገር ቤት በርጋጊ በቅሎ የምንለው አለ አይደል? ዳማም በርጋጊ ናት። በርጋጊ በቅሎ የያዘ ሰው መንገደኛውን ገና ከሩቅ «ዘወር በሉ» ይላል፣ ማንም አይቀየመውም።

ሰው የማይረዳው ነገር ገመዱን ነው። ያልታሰረ ውሻ ሲፈራ ይሸሻል። በገመድ የተያዘ ውሻ መሸሻ የለውም። ስለዚህ የሚያስፈራው ነገር እንዲርቅለት ይጮኻል። ከመጮኹም በፊት ብዙ ይናገራል። ዳማ መጀመሪያ አፍንጫዋን ትልሳለች። ሳይደክማት ታዛጋለች። ፊቷን ታዞራለች። የዓይኗ ነጭ ብቅ ይላል። በመጨረሻ ድርቅ ትላለች፣ እስትንፋሷም የቆመ ይመስላል። እኔ ይህን አነባለሁ። የማያውቃት መንገደኛ ግን እንዲያነብ መጠበቅ አይቻልም። ሰደርያውን የገዛሁት ለዚህ ነበር።

ሻጩ «ሰው ከሩቅ ያየዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያየዋል! ካየው በኋላ ምን እንደሚያደርግ ግን አልነገረኝም። ሰው ደማቅ ቢጫ ነገር ላይ ጽሑፍ ሲያይ ምን እንደሚል ማወቅ ይፈልጋል። ፊደሉ ቁመቱ ሁለት ጣት ነው። ስለዚህ ለማንበብ ይጠጋል። አትጠጉ የሚል ጽሑፍ ሰውን እየጠራ ያመጣል ማለት ነው። ወንድሜ፣ ይህን ሰደርያ ከመሸጥህ በፊት አንድ ቀን ውሻ ላይ አድርገህ መንገድ ወጥተሃል? እኔ ዘጠኝ ወር ሙሉ በቀን ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ።

ጽሑፉ ደግሞ ያለው ጎንና ጎኗ ላይ ነው። የምንሄደው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስሊጎ ክሪክ በሚባል ወንዝ ዳር ባለው የእግር መንገድ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሰው የሚመጣው ፊት ለፊት ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው የሚያየው ደረቷን ነው። ደረቷ ላይ አንድም ፊደል የለም። ጎኗ የሚታየው ሰውየው አጠገቧ ሲደርስ ነው፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ቅዳሜና እሁድ ከጎኑ ያለው የመኪና መንገድ በከፊል ለመኪና ስለሚዘጋ ሰፊው አስፋልት ላይ ወጥተን ከሰው እንርቃለን። የሚያሳርፈን እሱ ነው፣ ሰደርያው አይደለም።

ሦስተኛው ጥፋት ከሁሉም ይብሳል፣ እሱን ለመረዳት ወራት ፈጀብኝ። እዚህ አገር ሰደርያ የለበሰ ውሻ ሰው የለመደው ዓይነ ስውር ሲመራ ወይም የታመመ ሰው ሲረዳ ነው። ሕጉ እነዚያን ውሾች ሰደርያ አልብሱ ብሎ አያስገድድም፣ ልማዱ ግን አለ። ስለዚህ ሰው ዳማን ሲያይ የሠለጠነች፣ ጨዋ፣ ሰው የምትወድ ውሻ ትመስለዋለች። «ሥራ ላይ ናት?» ብለው ስንት ጊዜ እንደጠየቁኝ! የቅዳሜው ሰውዬም እንዲሁ ሳያስብ አይቀርም። ጽሑፉ «ራቁኝ» ሲል ልብሱ «እመኑኝ» ይላል። ሰው ደግሞ ከጽሑፉ ይልቅ ልብሱን ነው የሚያምነው።

ቢጫው ሐሳብ ራሱ መጥፎ አይደለም። በ2012 አካባቢ በስዊድንና በካናዳ ሰዎች የጀመሩት ዘመቻ ነው። ውሻህ ከሰው ወይም ከሌላ ውሻ ርቀት የሚፈልግ ከሆነ ገመዱ ላይ ቢጫ ጨርቅ እሰር፣ ያየ ሰው ያልፋችኋል ነው ነገሩ። ቀላልና ደግ ሐሳብ ነው። የሚሠራው ግን ትርጉሙን ለሚያውቅ ብቻ ነው። በኛ ሰፈር የሚያውቅ አላጋጠመኝም። አንድ የጎረቤት ልጅ ብቻ፣ ኳስ የሚወድ፣ ሲያያት «ቢጫ ካርድ ናት?» አለኝ። አዎ አልኩት፣ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኞቹን ራሱ ያስቆምልኛል። ከገዛሁት ዕቃ የጠበቅሁትን ሥራ እስካሁን የሠራልኝ ያ ልጅ ነው።

ለኛ ሰው ደግሞ ቢጫ ሌላ ነው። የእንቁጣጣሽ ዕለት ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከመንገዱ ማዶ ቆመው «ልጄ፣ ለበዓሉ ነው ያለበስሻት? አደይ አበባ መሰለች» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ሰው ትፈራለች፣ እንዳይጠጓት ነው» አልኳቸው። «እኔም እፈራታለሁ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብለው በዚያው በማዶ ሄዱ። ዳማ አልጮኸችም። አፍንጫዋንም አልላሰችም። ዝም ብላ አየቻቸው።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አስቤያለሁ። አንዳንድ የአገራችን ልጆች እናቶቻችን ውሻ በመፍራታቸው ያፍራሉ። እኔ አላፍርም። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞተው ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም በሽታው የሚይዘው ከውሻ ነው። እናቶቻችን ያደጉት ይህ በሽታ ሰው በሚገድልበት አገር ነው። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ቆርቆሮ ሲያዩ ቀርበው አያነቡም፣ መንገድ ይቀይራሉ። ለዳማ የሚመቻት ጎረቤት እንዲህ ያለው ነው። የሚያስቸግረኝ «እኔ ውሻ እወዳለሁ፣ ውሾችም ይወዱኛል» የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ ውሻውን ፈቶ ለቆ ከሩቅ «የኔ ሰላማዊ ነው!» እያለ የሚጮኸው። ያንተ ሰላማዊ ቢሆንስ? ጥያቄው የኔዋ ትችላለች ወይ ነው። በዚያ ላይ የምንሄድበት ፓርክ ውስጥ ውሻ በገመድ መያዝ አለበት።

የሰደርያው ስፌት ጥሩ ነው። በማሽን ታጥቦ ቀለሙ አልለቀቀም። ቆዳዋን አልላጠም። ማጣበቂያው ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣት ነበር፣ በእያንዳንዱ ድምፅ ቁራሽ ቺዝ እየሰጠሁ በሁለት ሳምንት አስለመድኳት። ለፈሪ ውሻ ተብሎ የተሠራ ልብስ ቁልፍ ቢደረግለት ምን ነበረበት?

ከቅዳሜ ወዲህ ሰደርያውን አላለበስኳትም። ቢጫ ጨርቅ ቆርጬ ደረቷ ላይ የሚውል መጋረጃ ነገር ሰፋሁላት፣ ላዩ ላይ በወፍራም ጥቁር «አትንኩ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሌላ ቃል የለም። ሰው ሲመጣ ደግሞ ከመንገዱ ወጥቼ በእሷና በሰውየው መካከል እቆማለሁ፣ መዳፌን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቼ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ሰው ግን እጅ ሲያይ ይቆማል። ምንም ሳያነብ ይቆማል። ለዘጠኝ ወር ይህን ሁሉ ለጨርቅ ትቼ ዳማን ለብቻዋ በማጋፈጤ አዝናለሁ።

34 ዶላሩን ብትጠይቁኝ፣ አልገዛውም ነበር። ለመግዛት የቆረጠ ሰው ካለ ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰደርያውን ወለሉ ላይ በውሻው ቁመት ያቁመው። ፊት ለፊቱን ወደ ራሱ ያዙር። ከዚያ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ለማንበብ ይሞክር። ካልተነበበ ለሻጩ ይመልስለት።